እምቢ ያለ የፍሬቻ እጀታና የነጋዴው ኪሳራ

የንግድ ሥራ የሚጎዳው በትልቅ አደጋ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ነጋዴን የሚያከስረው «ይህስ ምን ያደርጋል» ተብሎ የታለፈ ትንሽ ጉዳይ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ምክር ለመጋዘንና ለሒሳብ መዝገብ እንደሚሠራ ሁሉ ለተሽከርካሪም ይሠራል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጉዳይ ከእነዚህ ትናንሽ ጉዳዮች አንዱ ነው፤ ይኸውም በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ጠጥሮ አልንቀሳቀስም ስለሚል የፍሬቻ እጀታ ነው። በመጀመሪያ ምክንያቱንና መድኃኒቱን እንገልጻለን፤ ከዚያም መለዋወጫ አስመጪውና ባለ ሱቁ በዚህ ረገድ ምን ቢያደርጉ እንደሚበጅ እናመለክታለን።

የዋግ መንገድና የፍሬቻ ጥቅም

ሰቆጣ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በጭነት ከብት እየመጣ ይሸጥባት፣ ከዚያም ወደ ሌላው አገር ይተላለፍባት ነበር። የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ የጭነቱን ገመድና የበቅሎውን ጀርባ ሳይመረምር ጉዞ አይጀምርም ነበር፤ ገመዱ መንገድ ላይ ቢበጠስ ኪሳራው የማን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና። ዛሬ ማሩም፣ ዕጣኑም፣ ፍየሉና በጉም፣ ከመሀል አገር የሚመጣው ሸቀጥም የሚጓዘው በመኪና ነው። ጭነቱ ይለወጥ እንጂ ከመነሣት በፊት የመመርመሩ ግዴታ አልተለወጠም።

ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ከእርሷ የሚወጡት መንገዶች ሁሉ በተራራና በገደል መካከል ይጠማዘዛሉ። በምሥራቅ በኩል ወደ ኮረም፣ በደቡብ በኩል ወደ ላሊበላ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ተከዜ ሸለቆ ያደርሳሉ። ኮረም የደረሰ ነጂ ወደ አላማጣ ሲወርድ በጥቂት ርቀት ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ የአህያ ጭነትና የፍየል መንጋ አንዱን ጠባብ አስፋልት ወይም ጠጠር መንገድ ይካፈላሉ። አንዱ የሌላውን ሐሳብ የሚያውቀው በምልክት ብቻ ነው። ከኋላ የሚመጣው ነጂ፣ ከፊቱ ያለው መኪና ዳር ይዞ ሊቆም እንደ ሆነ፣ ወይም ወደ ግራ ሊታጠፍ እንደ ሆነ የሚነግረው ያች ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ናት።

ፍሬቻ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ፍላጻ ማለት ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ይሠሩ በነበሩ ብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ምልክቱ የሚርገበገብ መብራት ሳይሆን፣ ከመኪናው ጎን እንደ ፍላጻ ብቅ የሚል ትንሽ ክንድ ነበር። ቮልስዋገን እንኳ ለአውሮፓ ገበያ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ በበሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ የሚወጣ እንዲህ ያለ ክንድ ነበረው። የሚርገበገበውን መብራት ከፋብሪካ ጀምሮ በመኪናው ላይ በመግጠም የአሜሪካው ቡዊክ በ1939 እ.ኤ.አ. ቀደምትነት ያገኘ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት መሪው ሲመለስ ራሱን የሚያጠፋ እጀታ አወጣ። በአገራችንም በ1956 ዓ.ም. የመኪና ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ሲዛወር፣ ነጂ ሁሉ የመታጠፍ ልማዱን እንደ አዲስ መማር ግድ ሆኖበት ነበር።

የጠጠረ እጀታ ነጂውን ምን ያስለምደዋል?

እጀታው መጥጠር ሲጀምር ነጂው ለባለ ንብረቱ «ጌታው፣ ፍሬቻው እየከበደ ነው» ብሎ ይነግራል፤ ባለ ንብረቱም ብዙ ጊዜ «ግድ የለም፣ ለቦሎ ስንደርስ እናሠራዋለን» ሲል ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ክፉ ልማዶች ይከተላሉ።

አንደኛው፣ ነጂው ፍሬቻ ማሳየቱን ቀስ በቀስ ይተዋል። ሁለተኛው፣ እጀታውን በኀይል ለመግፋት ሲታገል አንድ እጁና ሐሳቡ ከመሪው ይለያሉ፤ ይህም የሚሆነው መሪ አጥብቆ መያዝ በሚያስፈልግበት በመታጠፊያው ላይ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከታጠፈ በኋላ እጀታው ወደ መካከል ስለማይመለስ ፍሬቻው እየበራ ብዙ ርቀት ይጓዛል። ፍሬቻ ያላሳየ መኪና ዝም ያለ ሰው ነው፤ የማይታጠፍበትን ፍሬቻ እያበራ የሚሄድ ግን ሐሰት የሚናገር ሰው ነው። ከኋላ የሚመጣው ሊቀድመው፣ ከፊት የሚመጣውም ሊያልፈው ሲሞክር በዚያ ሐሰት ይሳሳታል። ለነጋዴ ቃሉ ሀብቱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በመንገድ ላይም ፍሬቻ የነጂው ቃል ነው።

እጀታው እንዴት ይሠራል?

ለምሳሌ እንዲሆነን ቮልስዋገንን እንውሰድ። በአገራችን ካሉት አሮጌ አውቶሞቢሎች ሁሉ ይህችን የማያውቅ የለም፤ ሞተሯ ውሃ የማይፈልግና በነፋስ የሚቀዘቅዝ በመሆኑም በዳገት አገር ተወዳጅነት አግኝታለች። በሌሎቹ አሮጌ መኪናዎች ላይ ያለው አሠራር በቅርጽ ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

የፍሬቻው ማብሪያ በመሪው ሥር፣ በመሪው ዘንግ አናት ላይ ተገጥሟል። በውስጡ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው እጀታው የሚዞርበት እምብርት ነው። ሁለተኛው በሞላ የሚገፋ ትንሽ የብረት ድቡልቡል ወይም የፕላስቲክ ጥርስ ሲሆን፣ እጀታው በግራ፣ በመካከልና በቀኝ በተዘጋጁለት ጎድጓዳ ቦታዎች እንዲያርፍ ያደርገዋል። እጀታው ሲገፋ «ቀጭ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ኤሌክትሪኩን ወደ ግራው ወይም ወደ ቀኙ አምፖል የሚያስተላልፉት መገናኛዎች ናቸው። ከዚህም በተጨማሪ ከመሪው እምብርት ሥር ያለ ጉጥ፣ መሪው ሲመለስ የማብሪያውን መላሽ ጥርስ ነክቶ እጀታውን ወደ መካከል ይመልሰዋል። በአንዳንድ አሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ ይህን የመመለስ ሥራ የሚሠራው የመሪውን እምብርት እየነካ የሚሽከረከር ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ሕመሞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እጀታው በቀላሉ እየተንቀሳቀሰ መብራቱ የማይበራ ወይም ከልክ በላይ የሚፈጥን ከሆነ፣ በሽታው ያለው በኤሌክትሪኩ ዘንድ ነው፤ አምፖሉን፣ ፊውዙንና ነጂዎች ፍላሸር የሚሉትን መሣሪያ መመርመር ይገባል። ጤነኛ ፍሬቻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። መብራቱ ደኅና ሆኖ እጀታው ብቻ የከበደ እንደ ሆነ ግን፣ በሽታው ያለው በማብሪያው ሰውነት ውስጥ ነው።

የመጥጠሩ ምክንያቶች

1ኛ፣ ዋነኛው ምክንያት አቧራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ስስ ግራሶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይደርቃል፤ የበጋው የዋግ አቧራ በመሪው ሥር ባለው ክፍተት እየገባ ከዚያ ግራሶ ጋር ሲቦካ እንደ ሙጫ ይሆናል። በጧት ብርድ እጀታው የሚከብደው፣ ቀን በፀሐይ የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ፣ በመሪው ዘንግ ላይ ያለው ሽፋን ከቦታው ተንቀሳቅሶ ወይም ቪቴው ላልቶ እጀታውን ይፈገፍገው ይሆናል። የእጀታው ክንድ ራሱ በጉልበት ብዛት ተጣምሞ ሊሆንም ይችላል።

3ኛ፣ መሪው አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሲመለስ ከማብሪያው ጋር ከመጠን በላይ ተቀራርቦ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ጥቂት ክፍተት ካልተተወ አንዱ ሌላውን ይፍቃል።

4ኛ፣ ፕላስቲኩ በእርጅና ተሰንጥቆ፣ ሞላው ደክሞ ወይም የብረት ድቡልቡሉ ዝጎ እንደ ሆነ፣ ጥርሱ በጎድጓዳው ውስጥ ይነከስና አልወጣም ይላል።

አጠጋገኑ በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ከዚህ በታች የተጻፈው በመሪያቸው ውስጥ የአየር ከረጢት ለሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ብቻ ነው። በአዲሶቹ መኪናዎች መሪ ውስጥ አደጋ ሲደርስ በቅጽበት የሚነፋ ከረጢት አለ፤ ይህን ሳያውቅ መሪውን የሚፈታ ሰው በፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላልና ለሠለጠነ ባለሙያ ይተወው።

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ ቁልፉ ይነቀል። ከዚያ የባትሪው የኔጌቲቭ ሽቦ ይፈታ። በቮልስዋገን ላይ ባትሪው ከኋላው መቀመጫ ሥር ነው። ይህ ሳይደረግ ሥራ የጀመረ ሰው ሽቦ ከሽቦ ቢያገናኝ፣ ትንሹን ብልሽት ትልቅ ያደርገዋል።

መሪውን ለመፍታት ከመቸኮል በፊት ቀላሉ ነገር ይሞከር። በእጀታው ዙሪያ ያለው አቧራ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ የሽፋኑ ቪቴ ይታይ፤ እጀታው የሚፈገፍገው ነገር እንዳለ ይመርመር። አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ በዚሁ ይድናል።

ካልዳነ በመሪው መካከል ያለው የክላክስ ክዳን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ በዝግታ ይነሣ፤ ሽቦውም ይላቀቅ። መሪውና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ይህ ካልሆነ ሲመለስ መሪው ተጣሞ ይቀመጣል። ዳዶው በልኩ ቁልፍ ይላላ እንጂ ወዲያው ፈጽሞ አይውጣ፤ በጥቂት ጥርስ ተይዞ ይቆይና መሪው በሁለት እጅ ግራና ቀኝ እየተነቀነቀ ይላቀቅ። አለዚያ መሪው በድንገት ተነቅሎ የሠራተኛውን ፊት ይመታል። ዘንጉን በመዶሻ መምታት ፈጽሞ አይገባም።

መሪው ከወጣ በኋላ የሽቦዎቹ አገጣጠም በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ወይም በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ። ማብሪያው በየሞዴሉ በቪቴ ወይም በማቀፊያ የተያዘ ስለ ሆነ እንደ አገጣጠሙ በካቻቪቴ ወይም በቁልፍ ይፈታ። ሲከፈትም በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ይልቁንም በሰፊ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይሁን፤ ሞላውና ድቡልቡሉ ተፈናጥረው ከጠፉ በሰቆጣ ገበያ ምትካቸውን ማግኘት አስቸጋሪ ነውና።

የደረቀው ግራሶ በእንጨት ስንጥርና በጥጥ ይነሣ። ማጠቢያው ለኤሌክትሪክ ዕቃ ተብሎ የተሠራ መርጫ ወይም ንጹሕ አልኮል ይሁን። የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ጠቁረው ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዘው ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ይታሹ፤ ይህ ካልበቃ በጣም ስስ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይነኩ፤ ብናኙም ተራግፎ ይጽዳ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ለፕላስቲክ የሚስማማ ስስ ግራሶ፣ የሲሊኮን ወይም ነጩ የሊትየም ዐይነት፣ በእምብርቱ፣ በድቡልቡሉና በጎድጓዳዎቹ ላይ ብቻ የጤፍ ፍሬ ያህል ይቀባ። በመገናኛዎቹ ላይ ግን ምንም አይቀባ።

ሲገጠም አንድ ነገር አይዘንጋ፤ መሪው ሲመለስ እጀታው በመካከል ላይ መሆን አለበት። በግራ ወይም በቀኝ እንደ ተገፋ መሪው ቢጫንበት መላሽ ጥርሱ ይሰበራል። በመሪውና በማብሪያው መካከል ክፍተት መኖሩ ታይቶ ዳዶው በደንብ ይጠበቅ። መሪ የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ የዳዶውን መጥበቅ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ይመርምረው። በመጨረሻ ባትሪው ተገናኝቶ ግራው፣ ቀኙ፣ መመለሱ፣ ክላክሱና የፊት መብራቱ ይሞከሩ፤ መኪናውም ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በጓሮ መንገድ ቀስ ብሎ ይነዳ።

የማይገቡ መድኃኒቶች

ብዙ ሰው ችግሩን በአቋራጭ ለማስወገድ ይሞክራል። አንዱ በክፍተቱ በኩል የሞተር ዘይት ያፈሳል፤ ዘይቱ ለሁለት ሳምንት ያለሰልስና በኋላ አዲስ አቧራ ሰብስቦ ከቀድሞው የባሰ ጭቃ ይሆናል። ሌላው በቤንዚን ያጥባል፤ ቤንዚን አሮጌ ፕላስቲክን ሊያሰነጥቅ የሚችል ከመሆኑም በላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ባለበት ቦታ እሳት ያስነሣል። ሦስተኛው ጉልበት ይጨምራል፤ ጉልበት ግን የተሰበረ እጀታ እንጂ የለሰለሰ እጀታ አያስገኝም። የጠጠረው እጀታ ማጽጃና ጥቂት ግራሶ ሲበቃው፣ የተሰበረው ግን ሙሉ ማብሪያ ይጠይቃል።

የመለዋወጫው ንግድ

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኗል። አሮጌ መኪና ሁሉ የሚፈልገው ሞተርና ካምቢዮ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ነው። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ አንድ ማብሪያ ታዞ እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ይሰነብታል፤ ባለ ንብረቱ ለኪራይ መኪና ይከፍላል፤ ማሩ ወይም ፍየሉ በቀጠሮው ሳይደርስ ይቀራል። በሒሳብ መዝገብ ላይ «የመለዋወጫ ወጪ» ተብሎ የሚጻፈው ጥቂት ብር፣ «የቀረ ገቢ» ተብሎ ከማይጻፈው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ቮልስዋገንን በሚመለከት አስመጪው አቅርቦት ይጠፋል ብሎ ሊሰጋ አይገባውም። ይህች መኪና በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ማምረቻዋ እስኪዘጋ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ስለዚህም መለዋወጫዋ ዛሬም በልዩ ልዩ አገር ይሠራል። የሚያስቸግረው ዕቃው መጥፋቱ ሳይሆን ያለ ልኩ መታዘዙ ነው። የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የማዘዣ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «አንድ የቮልስዋገን ፍሬቻ እጀታ» ብሎ ማዘዝ ባዶ ወረቀት ከመላክ የሚሻል እንዳልሆነ በሥራ ላይ አይቻለሁ። በማዘዣው ላይ ቢያንስ የሚከተሉት ይጻፉ።

የሻንሲው ቁጥር፤ በቮልስዋገን ላይ ከኋላው መቀመጫ ሥር በመካከለኛው የብረት ወለል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ያመለክታል፤ ለምሳሌ 117 ብሎ የሚጀምረው የ1967 ሞዴል ነው። የኤሌክትሪኩ ኀይል፤ የቀደሙት ሞዴሎች በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት፣ የኋለኞቹ ደግሞ በአብዛኛው ባለ 12 ቮልት ስለ ሆኑ አምፖልና ፍላሸር ሲታዘዝ ይህ መገለጽ አለበት። የመብራት ማንሻና ማውረጃ ከፍሬቻው እጀታ ጋር የተጣመረ መሆኑ ወይም አለመሆኑም ይጻፍ። የሽቦዎቹ ብዛትና የአሮጌው ዕቃ ፎቶግራፍ ቢታከልበት ደግሞ ስሕተት አይኖርም።

የሰቆጣና የአካባቢዋ ባለ ሱቆችም ውድ ዕቃ ማከማቸት ግድ አይሆንባቸውም። አንድ ካርቶን የማይሞላ ዕቃ ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ ማጽጃ መርጫ፣ ስስ ነጭ ግራሶ፣ ልዩ ልዩ ትናንሽ ሞላዎች፣ የባለ 6 እና የባለ 12 ቮልት አምፖሎች፣ ፊውዞችና ፍላሸሮች። እነዚህ ዕቃዎች ቢቀመጡ አይበላሹም፤ ሲፈለጉ ግን የደንበኛውን የብዙ ቀን ጉዳት ያድናሉ። ደንበኛም በችግሩ ቀን የደረሰለትን ሱቅ አይረሳም።

ለባለ ንብረቶች

በሕግ መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል፤ የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ መንገዱ ግን በየቀኑ ነው። መድኑም የተጎዳውን ሰው ይክሳል እንጂ የጠፋውን ሕይወት አይመልስም። ስለዚህ ባለ ንብረት ሁሉ ነጂው ስለ ፍሬቻው ሲነግረው በዚያው ሳምንት ያሠራው፤ የበጋው አቧራ ሲያልፍም ማብሪያውን በዓመት አንድ ጊዜ ያስጠርገው። ነጂውም ጧት ሞተሩን ሲያስነሣ ግራና ቀኙን አንድ ጊዜ ሞክሮ፣ መብራቱን ወርዶ አይቶ ይነሣ። ይህ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ፣ ሲራራ ነጋዴው የጭነቱን ገመድ ይመረምርበት ከነበረው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው።